ከጨፊት ወንዝ እስከ ቃዲው ደጅ

ሳጂዳ በሠርጓ ቀን የለበሰችውን የሐይቅ ከተማ ሰው ቢያይ እጁን በአፉ ይጭን ነበር። በሒጃቧ ላይ ጠንካራ የፕላስቲክ ቆብ ደፍታለች፣ ደረቷ ላይ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ብርቱካናማ ጃኬት ጠብቋል፣ ወገቧ ላይ ደግሞ ጓደኞቿ «ጉርድ» የሚሉት የጎማ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። ጉርዱ የካያኩን አፍ ገጥሞ ውሃ እንዳይገባ የሚከላከል ነው። ካያክ ማለት አንድ ሰው ብቻ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት ጠባብ ጀልባ ናት፤ ወንዶቹም ሴቶቹም ያንን ጉርድ ለብሰው ወንዙ ዳር ሲቆሙ ያየ መንገደኛ ሳይስቅ አላለፈም።

አዎ፣ የሠርጓ ቀን ነው። ድግስ የለ፣ አጃቢ የለ፣ ሒና የለ። ሳጂዳና ሙአዊያ የቆረጡት ነገር ቢኖር ወንዙን ከጓደኞቻቸው ጋር ወርደው፣ እርጥብ ልብሳቸውን ቀይረው፣ በቀጥታ ደሴ ቃዲው ፊት ቀርበው ኒካሃቸውን ማሰር ነው። ምስክሮቹ እንኳ ከቀዛፊዎቹ መሀል ነበሩ። ለእናቷ ለኑርሀያት «ከማኅበሩ ጋር አምባሰል ወንዝ ልንወርድ ነው» ብላ ነው ከቤት የወጣችው። ውሸት አልነበረም፤ ግማሹን ግን ዋጥ አድርጋዋለች። እናቷ ደግሞ ቀና ብላ አይታት «አላህ ይጠብቅሽ» ብቻ አለቻት። ሳጂዳ አሜን ሳትል ወጣች፤ እናትና ልጅ ከተኳረፉ ወራት ሆኗቸዋል።

የኩርፊያው ነገር እንዲህ ነው። ሙላት የሚባል የሐይቅ ልጅ በኦሞ ወንዝ ላይ ቱሪስት እየመራ ዓመታት ከቆየ በኋላ ያገለገሉ ካያኮች ጭኖ ወደ አገሩ ተመለሰና ወጣቶች ሰብስቦ ሐይቁ ላይ ቀዘፋ ማስተማር ጀመረ። ሳጂዳ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዋ የእትዬ ኑርሀያት ልጅ ናት፤ ለውሃ ባዳ። ሙአዊያ ደግሞ የኡበይድ ልጅ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ከአባቱ የወረሰው አንድ ታንኳና መረብ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳጂዳ ገና ሁለቴ እንደቀዘፈች ተገለበጠችና ቄጠማ በራሷ ተጠምጥሞ ብቅ አለች። ሁሉም በሳቅ ፍርስ አለ። ሙአዊያ ግን አልሳቀም፤ ጠጋ ብሎ ውሃው በጣም ቀዝቅዟት እንደሆነ ጠየቃት፣ ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። እንግዲህ ፍቅር ሲገባ በር አያንኳኳም። ሳጂዳ በዚያ በተሰበረ ዓይን ተያዘች፤ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ያንን ዓይን ስታስበው አደረች።

ዓመት አለፈና ሙአዊያ ሽማግሌ ላከ። ኑርሀያት እንግዶቿን በፈገግታ ተቀብላ፣ የልጁን ጨዋነት እየሰማች አንገቷን ስትነቀንቅ ቆይታ፣ የወላጆቹ ስም ሲጠራ ድንገት ፊቷ አመድ መሰለ። የየትኛው ኡበይድ ልጅ እንደሆነ ጠየቀች። የሀውራ ባል፣ አሏት፣ ሁለቱንም አላህ ይርሐማቸው። ከዚያ በኋላ ከአፏ የወጣው «አይሆንም» ብቻ ነበር። ሽማግሌ መቼም በአንድ እምቢታ አይመለስም፤ ሁለተኛ መጡ፣ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ደጃፍ ላይ ቆሙ፣ ምክንያቱን ንገሪን ብለው ወጥረው ያዟት። ያን ጊዜ ነው ሐይቅን ያመሳት ቃል የወጣው።

«ልጄን ዓሣ ለሚሸት ሰው አልሰጥም» አለች።

ወሬው ሳይመሽ ከተማውን አዳረሰ። የአጥማጆች ሚስቶች ሱቋ መግባት አቆሙ። ሙአዊያ አንድም ክፉ ቃል አልመለሰም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሳጂዳን ሊያገኛት ሲመጣ እጁን በሎሚ አሽቶ ይመጣ ነበር። ሳጂዳ ያ የሎሚ ሽታ አፍንጫዋ ላይ በደረሰ ቁጥር ልቧ ይደማል። ለሰው ይህን ያህል የሚጨክን አንጀት ከየት መጣ? ደግሞ የወለደቻት እናቷ! አባቷ በሕይወት ስለሌለ ወሊይዋ፣ ማለትም በኒካህ የሚድራት፣ አጎቷ ነው፣ ግን ከእናቷ ቃል አይወጣም። ስለዚህ ወደ ቃዲው ሄዱ። ቃዲው ሰምቶ፣ ቤተሰቡን ልጠይቅና በቂ ምክንያት ካላገኘሁ እኔው በወሊይ ቦታ ቆሜ አጋባችኋለሁ ብሎ ቀን ሰጣቸው። ያ ቀን ዛሬ ነው። ሳጂዳ በቂ ምክንያት እንደማይገኝ እርግጠኛ ነበረች። የዓሣ ሽታ ምክንያት ነው እንዴ!

ጨፊት ከአምባሰል ተራራ ተንደርድሮ የሚወርድ ጠባብ ወንዝ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ውሃው አልከሳም፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ እዚህ ቁልቁል እየተወረወረ፣ እዚያ ከቋጥኝ ጀርባ ጸጥ እያለ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ወንዝ ከሙላት በቀር ከመሀላቸው ወርዶት የሚያውቅ አልነበረም። ሙላት ሰብስቦ አስጠነቀቃቸው። ሐይቁ ይታገሳችኋል፣ ይሄ አይታገስም አላቸው። ውሃው ገፍቶ ከድንጋይ ጋር ካላተማችሁ ወደ ድንጋዩ ተደገፉ፤ ፈርታችሁ ወደ ኋላ ከሸሻችሁ ውሃው በጎን ገብቶ ይገለብጣችኋል። ተገልብጣችሁ መነሳት ካቃታችሁ ደግሞ የጉርዱን ማሰሪያ ሳቡና ጀልባዋን ትታችሁ ውጡ።

ይህን ሲል ዓይኑ ሙአዊያ ላይ ነበር። የሐይቅ አጥማጅ ልጅ ገና መራመድ ሳይለምድ የሚማረው ታንኳህን አትልቀቅ የሚለውን ነው። ሐይቁ መሀል ማዕበል ሲገለብጥህ ታንኳህን የሙጥኝ ካልክ ትተርፋለህ፣ ከለቀቅህ አበቃልህ። ሙላት ይህን ስለሚያውቅ ደጋግሞ ነገረው፣ ሙአዊያም ገብቶኛል አለ። የሳጂዳ ጓደኛ መቅዲ ግን ነገሩን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ ለግሸኗ ማርያም ጧፍ ተስላ እንጂ ዝም ብላ ጀልባዋ ውስጥ አልገባችም።

የመጀመሪያውን ፏፏቴ ሳጂዳ ዓይኗን ጨፍና ነው የወረደችው። አረፋው ፊቷን መታት፣ ስትገልጥ ከነሕይወቷ ነበረች። ሳቋ መጣ። ከቋጥኝ ጀርባ ወዳለው ጸጥተኛ ውሃ ቀዝፋ ስትገባ ሙአዊያ ቀድሟት እዚያ ቆሟል። የሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን ተነካኩ። እነሱ ራሳቸው እጅ ለእጅ እንኳ ተነካክተው አያውቁም፤ ኒካሃችን ይታሰር፣ ያን ጊዜ ሁሉም ሀላል ይሆናል ብሎ ያስጠበቃት እሱ ነው። አሁን ግን ፊቱ ላይ ደስታም ሐዘንም ነበር።

«እናቴ ሀውራ ብትኖር ዛሬ ታለቅስ ነበር» አላት። «ከእሷ በኋላ በዚህች ምድር ላይ የኔ የምለው ሰው የለኝም ነበር። ከዛሬ በኋላ ግን አለኝ።»

ሳጂዳ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ደስታ እንዲህ ትንፋሽ የሚያሳጥር መሆኑን እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

ቀጥሎ ያለው ቦታ ከሁሉም ጠባቡ ነበር። ውሃው በአንድ ትልቅ ቋጥኝና ክረምት ባመጣው የወደቀ ግንድ መሀል ተጣቦ ያልፋል፤ ከበላዩ ወደ ውጫሌ የሚወስደው መንገድ ትንሽ ድልድይ አለ። ሙላት ግንዱን አሳይቷቸው፣ በግራ ተጠጉ ብሎ፣ ራሱ መጀመሪያ ወርዶ ከታች ገመድ ይዞ ቆመ። ሳጂዳ በግራ ተጠግታ አለፈች። ዞር ብላ ሙአዊያን ስትጠብቅ ድልድዩ ላይ አንዲት ባጃጅ ቆመች። የወረደችው ኑርሀያት ነበረች። ሻርፗ አንገቷ ላይ ወርዶ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በድልድዩ ጠርዝ ጎንበስ ብላ በሙሉ ድምፅዋ የሙአዊያን ስም ጠራች።

ሙአዊያ ወደ ላይ ቀና አለ። ያ ቅጽበት በቃው። ጀልባዋ አፍንጫዋን አዞረችና በጎኗ ከቋጥኙ ጋር ተላተመች፤ እሱም እንዲያ የተባለውን ረስቶ ከድንጋዩ ሸሸ። ውሃው በጎን ገብቶ ገለበጠው። የጀልባዋ ሆድ ወደ ሰማይ ዞሮ ከግንዱ ሥር ተወሸቀ።

ሳጂዳ የሙአዊያ ራስ ብቅ እስኪል ጠበቀች። ማሰሪያውን ይስባል፣ አሁን ይወጣል አለች። አልወጣም። የተገለበጠችው ጀልባ ከታች በሚታገል ሰው ስትወዛወዝ አየች፣ ያን ጊዜ ገባት፤ ሙአዊያ ታንኳውን አልለቀቀም። እንደ አባቱ፣ እንደ አያቱ፣ በሁለት እጁ ጀልባዋን የሙጥኝ ብሏል።

«ልቀቃት!» ብላ ጮኸች። «ሙአዊያ ልቀቃት!»

ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ምን ይሰማል? ከራሷ ጀልባ እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ሙላት ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ሲገባ፣ ጫፉን ከያዙት መሀል አንዷ እሷ ነበረች። ገመዱ መዳፏን ሲልጠው አልተሰማትም። ጀልባዋ መወዛወዟን ስታቆም ግን ተሰማት፤ ያ ጸጥታ አንጀቷ ድረስ ዘለቀ፣ ያረቢ፣ ያረቢ ማለት ብቻ ቀረላት።

በዚያ መሀል አንድ ሰው አጠገቧ ውሃው ውስጥ ዘሎ ገባ። እናቷ ናት። ዋና የማታውቀው፣ ሐይቁን ከሱቋ ደጃፍ ብቻ የምታየው ኑርሀያት፣ ቀሚሷ እስከ ደረቷ ረጥቦ ወደ ግንዱ ትታገላለች።

«ልጄን!» እያለች ትጮኻለች። «ልጄን አውጡልኝ! ልጄን!»

ሳጂዳ ደነገጠች። ያቺ ዓሣ ይሸታል ያለች አፍ ናት? የሞት ጥላ ባንዣበበበት በዚያ ሰዓት፣ ይገርማችኋል፣ ልቧ ውስጥ አንድ ትንሽ ደስታ ብልጭ አለባት። ተቀበለችው፣ እናቴ በመጨረሻ ተቀበለችው አለች። ወዲያው በራሷ አፈረች፣ ገመዱንም በቀረላት ጉልበት ሁሉ ሳበች።

ሙላት የጉርዱን ማሰሪያ አግኝቶ በጠሰው። ሙአዊያን እየጎተቱ ጠጠሩ ላይ አስተኙት፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትንፋሽ የለውም። ሙላት ተንበርክኮ ደረቱን ይጫን፣ አፍ ለአፍ ይተነፍስለት ጀመር። መቅዲ ፊቷን ሸፈነች። ሳጂዳ አልሸፈነችም፣ ዓይኗን ብትነቅል የሚሞትባት መስሏት። በመጨረሻ ሙአዊያ ትንፋሽ ሳበ፣ ሳለ፣ ውሃ ተፋና ዓይኑን ገለጠ።

አልሐምዱሊላህ ያላለ አልነበረም፤ ሙላትና መቅዲም ሳይቀሩ አሉት። ኑርሀያት ከሰው መሀል ጥሳ ገብታ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች። እርጥብ ፀጉሩን ትዳብሳለች፣ ግንባሩን ትስማለች፣ ታለቅሳለች። ሳጂዳ ይህን ስታይ የወራት ቂሟ እንደ በረዶ ቀለጠ፤ ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ሳመች።

«እማ፣ አፉ በይኝ። ክፉ ነው ያሰብኩብሽ» አለቻት። «እንግዲህ መርቂን። አንቺው መርቀሽ ቃዲው ዘንድ ውሰጂን።»

የኑርሀያት እጅ ፀጉሩ ላይ ቆመ።

«አልመርቃችሁም» አለች። «ልመርቃችሁ አልችልም። ሳጂዳዬ፣ ያን ቀን ሽማግሌ ፊት የተናገርኩት ቅጥፈት ነው። ዓሣ አልሸተተኝም። የሸተተኝ የገዛ ወተቴ ነው።»

ሳጂዳ አልገባትም። በዙሪያዋ የቆሙትም አልገባቸውም። ኑርሀያት ዓይኗን ከሙአዊያ ፊት ሳትነቅል ቀጠለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን የወንዙ ጩኸት አልሸፈነውም።

«አንቺን ወልጄ እናቴ ቤት፣ እዚሁ አምባሰል ታርሼ ሳለሁ፣ አንዲት መንገደኛ ሴት መንደራችን ደርሳ ወለደችና ሞተች። ወገኗን የሚያውቅ አልተገኘም። ጎረቤታችን ሀውራ መካን ነበረች፣ ልጁን አላህ ሰጠኝ ብላ አነሳችው። ወተት ግን ከየት ታምጣ? እኔ አራስ ነበርኩ። በአንዱ ጡቴ አንቺ፣ በአንዱ ጡቴ እሱ፣ ዳዴ እስክትሉ አጠባኋችሁ። ከዚያ ሀውራ ቁርኣን አስይዛ አማለችኝ። ልጁ የወለደችው እሷ አለመሆኗን እንዳይሰማ፣ ጡቱንም እንዳላወራ፤ ጡቱ ከተወራ እናቱ ማን ናት መባሉ አይቀርም አለች። ማልኩላት። እነሱ ወደ ሐይቅ ወረዱ፣ እኔ አባትሽን ተከትዬ ደሴ ገባሁ፣ ተጠፋፋን። አባትሽ ካረፈ በኋላ ሐይቅ ሱቅ ስከፍት እነሱም አልፈው ነበር።»

ሙአዊያ ለመነሳት ሞከረ፤ ክንዱ ከዳው።

«ሽማግሌዎቹ ስሙን ሲጠሩ ሰማይ ተደፋብኝ። ሀውራ ሞታለች፣ ከመሐላዬ ማን ይፍታኝ? እምቢ ብል፣ ክፉ ብሆን፣ ተስፋ ቆርጠው ይለያያሉ አልኩ። ስሜ ይጥፋ አልኩ። ዛሬ ጠዋት ቃዲው ደውሎ፣ ምክንያት ከሌለሽ ከቀትር በኋላ ላጋባቸው ነው ሲለኝ ነው ሁሉን ያፈረጥኩለት። መሐላሽን አፍርሺ፣ ከፋራውን፣ የመሐላውን ማስተሰረያ፣ ትከፍያለሽ፣ ሮጠሽ ልጆቹን ድረሺባቸው አለኝ።»

ምስክር ሊሆኑ የመጡት ሁለቱ ጓደኞቻቸው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ሳጂዳ ጆሮዋ የሰማውን ልቧ አልቀበል አላት። የጡት ወንድም! ከአንድ ጡት የጠባ ከአንድ ሆድ እንደ ወጣ ነው፤ ይህን ገና ቁርኣን ስትቀራ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሸሪዓው መውጫ አልተወም፣ የሚለመን ቃዲ የለም፣ የሚላክ ሽማግሌ የለም። ባጃጇ መንገድ ላይ ብትበላሽ ኖሮ ዛሬ ማታ… አስባ መጨረስ አቃታት።

«ሀውራ እናቴ አይደለችም?» አለ ሙአዊያ። የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር የወጣው።

«እናትህ ናት። ማን እንደ እሷ! ግን አልወለደችህም፣ ልጄ።»

ሙአዊያ ከንፈሩን ነከሰ። በአንድ ጧት እናቱንም ሙሽራውንም ያጣ ሰው ምን ብሎ ያልቅስ? ዓይኑን ወደ ሳጂዳ አዞረ፤ ያ የምትወደው ዓይን ውሸት ነው በይኝ እያለ ለመናት። እሷ ደግሞ ወደ እናቷ ዞረች፤ ንዴቱ ከድንጋጤው ሥር አሁን ገና ብቅ አለ።

«ልቤ ሳይገባ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች። «አንዲት ቃል እኮ ነው። ዓሣ ይሸታል ከምትይ፣ ወንድምሽ ነው ብትይኝ ምን ነበረበት?»

ኑርሀያት አጠፋሁ አለች፣ ለሟች ቃል ስጠነቀቅ የቁም ልጆቼን ገደልኩ አለች። እርጥብ ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ልታለብሰው ሞከረች፣ ሻርፑ ግን ራሱ ውሃ ያንጠባጥባል። ሙአዊያ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነበር፤ ከብርዱ ይሁን ከሐዘኑ መለየት አይቻልም። ሙላት ደረቅ ልብስ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሮጠ።

«ነይ እቀፊው» አለች ኑርሀያት። «ብርዱ ሳይገድለው እቀፊው ልጄ። ነውር የለውም፤ ወንድምሽ ነው።»

ሳጂዳ ቆመች። ከዚያ ተንበረከከችና ሁለት እጇን ዘርግታ አቀፈችው፤ እሱም ፊቱን ትከሻዋ ላይ ቀብሮ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። በእናቷ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሀላል ሆኖላት እንድታቅፈው ዓመት ሙሉ አላህን ስትለምን ኖራለች። እነሆ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፈችው፣ የከለከላትም ሰው አልነበረም።